ድንጋያማ አስትሮይድ ውጨኛው ቀበቶ ላይ ምን ይሠራል? ከወንድሜ ጋር ተጣልተናል

የጂረን መስኮት · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከጅማ ነው። ነገሩ የቤት ውስጥ ጠብ ነው፤ ዳኛ ፈልጌ መጣሁ።

ታናሽ ወንድሜ አስራ አንደኛ ክፍል ነው። ዛሬ ከሰዓት ዝናቡ አላስወጣ ሲለን «የአስትሮይድ ቀበቶን ላሳይሽ» ብሎ የእናታችንን ሰፌድ አወረደ። በማርስና በጁፒተር መሃል ፀሐይን የሚዞሩትን ድንጋዮች ማለቱ ነው። መሃል ላይ ሎሚ አስቀመጠ፣ ፀሐይ መሆኗ ነው። ዙሪያዋን ጥሬ ቡና በተነ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ከጠዋት የተረፈውን የተቆላ ቡና። «ውስጠኛው ድንጋያማ፣ ውጨኛው ካርቦናማና ጥቁር» አለኝ። አልዋሽም፣ ያምር ነበር። ፎቶ ሁሉ አነሳሁት።

አርፌ ግን አልቀመጥ አልኩ። 243 ኢዳ ስለምትባል አስትሮይድ አንብቤ ስለነበር አንዲት ጥሬ ፍሬ አንስቼ ከተቆላው መሃል ጣል አደረግኋት። ኢዳ ድንጋያማ ናት። ከፀሐይ ያላት ርቀት ደግሞ በአማካይ 2.86 አስትሮኖሚካል ዩኒት ነው (አንዱ ዩኒት ከመሬት እስከ ፀሐይ ያለው ርቀት ነው)፣ 428 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ። ቀበቶውን ለሦስት የሚከፍሉት ሰዎች ውጨኛውን ክፍል ከ2.82 ነው የሚጀምሩት። ስለዚህ ውጭ ናት።

ወንድሜ ፍሬዋን ለቅሞ መለሳት። እኔ መልሼ ጣልኳት። እሱ መልሶ ለቀማት። «እዚያ ከሆነች ድንጋያማ አይደለችም፣ ድንጋያማ ከሆነች እዚያ አይደለችም» ነው የሚለው። ማናችን ነን ልክ?

አጂፕ ማዞሪያ · 2፡18

ወላሂ ይሄ ጅማ ነው! ሌላ አገር ቢሆን ጠጠር ይለቅሙ ነበር። እናትሽ ግን ሰፌዱን አይተዋል? እኔ የምፈልገው የሳቸውን አስተያየት ነው።

ጋሽ መነጽር · 2፡41

ልጄ፣ ዳኛ ከሆንኩ አንቺ ነሽ ልክ። ወንድምሽንም ግን አትቆጪው። የተማረው ስህተት አይደለም፣ አጠር ያለ ነው እንጂ።

ወደ ፀሐይ በቀረበው የቀበቶው ጎን ድንጋያማዎቹ ይበዛሉ። ወደ ጁፒተር ሲኬድ ጥቁሮቹ እየበዙ ይመጣሉ። ድንጋያማ የሚባሉት በሲሊኬት ማዕድን የተሠሩ፣ ጥቂት ብረትም ያለባቸው ናቸው። ካርቦናማዎቹ ከሰል ነው የሚመስሉት። ካረፈባቸው ብርሃን ከመቶ 5 ያህሉን ቢመልሱ ነው። ኢዳ ከመቶ 20 በላይ ትመልሳለች።

ታዲያ «ይበዛሉ» እና «እነሱ ብቻ ናቸው» ለየቅል ናቸው። ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ውረጂ። ቡና ተራ አለ፣ ቅቤ ተራ አለ። ቡና ተራው መሃል ግን አንዲት ሴትዮ ዝንጅብል ዘርግታ ታገኛለሽ። ተራው በሷ ምክንያት ቡና ተራ መባሉ አይቀርም፣ እሷም ዝንጅብሏን መሸጧ አይቀርም።

ክርክር ወዳድ · 2፡55

ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄ 2.82 የሚባለው ቁጥር ከየት መጣ? ሰማይ ላይ ችካል የለም። አንዱ ተነስቶ ድንበሩን 2.9 ቢለው ኢዳ ወደ ውስጥ ገባች ማለት ነው። ጠቡም አለቀ።

ጋሽ መነጽር · 3፡12

ጥሩ ጠየቅህ። ይቺኛዋ መስመር ግን በዘፈቀደ አልተሰመረችም።

2.82 ላይ የሚዞር ድንጋይ ቢኖር፣ ጁፒተር ፀሐይን 2 ጊዜ ሲዞር እሱ 5 ጊዜ ይዞራል። ስለዚህ ጁፒተር በየጊዜው እየጠበቀ በዚያው ቦታ ይጎትተዋል። ዥዋዥዌ ላይ ያለን ልጅ በልኩ ሰዓት ደጋግመህ ብትገፋው ምን ይሆናል? እንደዚያ ነው። የድንጋዩ ምሕዋር እየተለጠጠ ይሄድና በመጨረሻ ሰፈሩን ለቆ ይወጣል። ቦታው ባዶ ይቀራል። እነዚህን ክፍተቶች እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ያስተዋለው ዳንኤል ኪርክውድ የሚባል አሜሪካዊ ነው።

2.96 አካባቢ ደግሞ ሌላ ክፍተት አለ። ኢዳ ያለችው በነዚህ ሁለት ገደሎች መሃል ባለች ጠባብ ሰፈር ነው። ችካሉን ጁፒተር ነው የተከለው።

ክርክር ወዳድ · 3፡15

እሺ፣ እዚህ ላይ ተሸነፍኩ። እንዴት እዚያ ደረሰች የሚለው ግን አልተመለሰም።

ቦዬ ዳር · 3፡50

ይሄን ለኔ ተዉልኝ። ኢዳን ለብዙ ዓመት ነው የምወዳት።

መጀመሪያ ነገር፣ ብቻዋን አይደለችም። ኮሮኒስ የሚባል ቤተሰብ አላት። ስሙን ያገኘው ከ158 ኮሮኒስ ነው። ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ አባላት ይታወቃሉ፣ አብዛኞቹም ድንጋያማ ናቸው። እነዚህ ድንጋዮች ምሕዋራቸው እንደሚመሳሰልና ከአንድ ምንጭ የወጡ እንደሆኑ እ.ኤ.አ. በ1918 ያሳየው ጃፓናዊው ኪዮትሱጉ ሂራያማ ነው። አንድ ትልቅ አካል ነበረ፤ ከ1 ቢሊዮን ዓመት በፊት፣ ምናልባትም 2 ቢሊዮን ገደማ፣ ሌላ ነገር መታውና ተበታተነ። ኢዳ አንዷ ስባሪ ናት። ስለዚህ እህቴ፣ አንድ ፍሬ መጣልሽ ራሱ ስህተት ነው። አንድ እፍኝ ነበር መጣል።

ወላጁ ድንጋይ እንዴት እዚያ ተገኘ ለሚለው፣ ብዙ ተመራማሪዎች የሚያነሱት ሐሳብ አለ። ጁፒተርና ሳተርን ገና በልጅነታቸው ከቦታ ቦታ ሲዘዋወሩ ቀበቶውን አተራመሱት የሚል ነው። ከውስጥ የነበረው ወደ ውጭ፣ ከውጭ የነበረው ወደ ውስጥ ተገፋ። ሰፌድ ላይ ያለ ቡና አንድ ጊዜ ሲንገዋለል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ተራ በተራ ሆኖ አይቀመጥም።

አሁን ስለ ራሷ ላውራ። ያገኛት ዮሐን ፓሊሳ ነው፣ ከቪየና፣ በ1884። በቴሌስኮፕ በዓይኑ እያየ ብቻ 122 አስትሮይድ ያገኘ ሰው ነው፤ ፎቶ የለ፣ ኮምፒውተር የለ። ስሟን ያወጣላት ደግሞ የቪየና ቢራ ጠማቂ ሞሪትስ ፎን ኩፍነር ነው። ሥነ ፈለክ የሚወድ ጠማቂ ነበር።

ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ነጥብ ሆና ቆየች። ነሐሴ 28 ቀን 1993 (እንደ ፈረንጆቹ ኦገስት) ጋሊሊዮ የምትባለው መንኮራኩር ወደ ጁፒተር ስትሄድ በ2,390 ኪሎ ሜትር ርቀት አለፈቻት። ርዝመቷ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ወገቧ የዚያን ግማሽ እንኳ የማይሞላ፣ በጉድጓድ የተበሳሳች ሆና ተገኘች። ከጅማ ወደ አጋሮ ብትነዳ ርዝመቷን ጨርሰሃል ማለት ይቻላል።

አጂፕ ማዞሪያ · 3፡58

መንገዱ ደህና ከሆነ ነው እንግዲህ።

በርጩማ · 4፡05

ጋሊሊዮ ላይ ጃንጥላው አልከፈት ያለው ያኔ ነው አይደል?

ቦዬ ዳር · 4፡22

አዎ! ዋናው አንቴናዋ እንደ ጃንጥላ ታጥፎ ነበር የተላከው። በ1991 ክፈቺ ሲሏት ጥቂት ዘንጎች ተጣብቀው ቀሩ። የክረምት ጃንጥላ አንድ ጎኑ እምቢ ሲልህ ታውቀዋለህ፣ ልክ እሱን። ስለዚህ የኢዳን ፎቶ በትንሿ አንቴና፣ በጠብታ በጠብታ ነው ያወረዱት። ከነሐሴ 1993 ጀምሮ እስከ 1994 ድረስ ፈጀ። ኔትወርክ የሚያማርር ሰው ይሄን ያስብ።

ይሄ መዘግየት ግን አንድ ነገር አመጣ። ሙሉውን ፎቶ ማውረድ ስለማይቻል ከእያንዳንዱ ጥቂት መስመር ብቻ እየሳቡ የትኛው እንደሚጠቅም ይመርጡ ነበር። በየካቲት 17 ቀን 1994 (ይሄም በነሱ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ) የምስል ቡድኑ አባል አን ሃርች ከኢዳ ጎን የማትጠበቅ ነጥብ አየች። ጨረቃ ናት! 1.4 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነች ሚጢጢ ጨረቃ። ዳክቲል አሏት። አስትሮይድ ጨረቃ እንዳለው በእርግጠኝነት የታወቀው ያኔ የመጀመሪያ ጊዜ ነው።

የኢዳ ጉድጓዶች የተሰየሙት በዓለም ዋሻዎች ነው። ላስኮ አለ፣ ስተርክፎንቴይን አለ። ሶፍ ዑመርን ፈልጌ አላገኘሁትም፣ ቅሬታዬን እዚሁ አስመዘግባለሁ።

በርጩማ · 4፡30

እዚያ ቆሜ ብዘልስ?

ቦዬ ዳር · 4፡44

ኢዳ ላይ አንድ ጊዜ ዘለህ እስክትመለስ ወደ 10 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅብሃል። ለማምለጥ ግን በሰከንድ 20 ሜትር ያህል ፍጥነት ያስፈልግሃል፣ በእግርህ አትችለውም። ማሽላ የሚጠብቅ ልጅ ወንጭፉን ቢያስወነጭፍ ግን ድንጋዩ ላይመለስ ይሄዳል። ዳክቲል ላይ ደግሞ ወንጭፍም አያስፈልግ። እንደምንም ዘለል ካልክ ሄድክ።

ሌላም አለ። ኢዳ በራሷ ዙሪያ የምትሽከረከረው በ4 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ነው። ፀሐይ ወጥታ እስክትጠልቅ ከ2 ሰዓት ትንሽ ነው የሚያልፈው። አቦል ሲቀዳ ፀሐይ ትወጣለች፣ በረካው ሳይጠጣ ትጠልቃለች። ፀሐይዋም እኛ ከምናያት ስምንት እጅ የደከመች ናት፣ ብርሃኗ ራሱ እዚያ ለመድረስ 24 ደቂቃ ይፈጅበታል።

የሰቃ ልጅ · እሁድ፣ ከጠዋቱ 2፡03

ሰላም። ርዕሱን ትንሽ ላስፋው። አጎቴ የቡና ማሳው ውስጥ ጥቁር ከባድ ድንጋይ አግኝቷል። ጭንቅላት ያህላል። አንድ ደላላ መጥቶ «ከሰማይ የወረደ ነው፣ ሚሊዮን ያወጣል፣ መጀመሪያ ግን ለምርመራ ትንሽ ብር ላኩ» ብሎታል። ከኢዳ መጥቶ ይሆን?

አወያይ · 2፡10

ስልክ ቁጥርና ዋጋ እዚህ አይለጠፍም። ውይይቱ ይቀጥል።

ጋሽ መነጽር · 2፡35

ልጄ፣ በመጀመሪያ አጎትህ አንድ ብር እንዳይልኩ። ገዢ ብር ይሰጣል እንጂ አይቀበልም።

ሁለተኛ፣ ድንጋዩን ተመልከተው። እንደ ዳቦ ውስጥ ትንንሽ ቀዳዳ አለው? ካለው አይደለም። የኛ አገር መሬት ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ ሞልቶታል፣ ከድሮ ቀጥቃጮች የተረፈ የብረት ዝቃጭም ይገኛል። ሁለቱም ብዙ ሰው ያታልላሉ። ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ በአየር ውስጥ ሲያልፍ ላዩ ቀልጦ እንደ ጥፍር የሳሳ ጥቁር ቅርፊት ያወጣል። ቀዳዳ የለውም። አብዛኛው ማግኔት ይስባል፣ ግን ማግኔት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ አንዳንድ የኛም ድንጋይ ይስባልና። ጫፉን ሞርደህ ውስጡን እይ። ግራጫ ሆኖ የብረት ነጠብጣብና ክብ ክብ ፍሬ ካለበት፣ ያኔ ዩኒቨርሲቲ የጂኦሎጂ ሰው ጋ ውሰደው።

የሰቃ ልጅ · 3፡20

ቀዳዳ አለው ጋሼ። ብዙ።

ጋሽ መነጽር · 3፡22

እንግዲያው ለበር መደገፊያ ይሁን። ጥሩ ድንጋይ ነው።

ቦዬ ዳር · 3፡41

የሰቃ ልጅ፣ ጥያቄህ ግን የሞኝ ጥያቄ አይደለም። በ2024 የወጡ ጥናቶች መሬት ላይ ከሚወድቁት ሜትዮራይቶች 70 ከመቶ ያህሉን ወደ ሦስት ግጭቶች መልሰው አገናኝተዋቸዋል። ሁለቱ የኢዳ ቤተሰብ ውስጥ የሆኑ ናቸው። ካሪን የሚባለው ንዑስ ቡድን የተፈጠረው ከ5.8 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ ሌላው ከ7.6 ሚሊዮን ዓመት በፊት። ለድንጋይ ይሄ ትናንትና ነው። ስባሪዎቹ ፀሐይ እያሞቀቻቸው ቀስ በቀስ ይንሸራተታሉ፣ ጋሼ ያሉት ክፍተት አፍ ላይ ሲደርሱ ጁፒተር ይወረውራቸዋል፣ አንዳንዱ እኛ ጋ ይመጣል። የአጎትህ አልሆነም እንጂ፣ ሙዚየም ውስጥ ያለ ብዙ ግራጫ ድንጋይ የኢዳ ዘመድ ነው።

ክርክር ወዳድ · 4፡00

እዚህ ላይ አንድ ነገር አልገባኝም። ድንጋያማ አስትሮይዶች በቴሌስኮፕ ሲታዩ ቀላ ያሉ ናቸው ይባላል። እነዚያ ሜትዮራይቶች ግን ግራጫ ናቸው። ታዲያ እንዴት አንድ ሆኑ?

የጂረን መስኮት · 4፡15

ይሄንን እኔ ልመልስ፣ ቡና ስላለበት። ቡና ሲቆላ መልኩ ይቀየራል እንጂ ያው ቡና ነው። አስትሮይዱም ከፀሐይ በሚነፍሰው ቅንጣትና በአቧራ ድብደባ ላዩ ይቆላል። ቀላ፣ ጠቆር ይላል።

በርጩማ · 4፡19

ኧረ እህቴ! ቡና እስከ ውስጡ ነው የሚቆላው። ሰብረሽ ብታዪው ውስጡም ቡናማ ነው። የአስትሮይዱ ላይ ላዩ ብቻ ነው። ድፎ ዳቦ በይው። ቅርፊቱ ይጠቁራል፣ ልቡ ነጭ ነው።

ቦዬ ዳር · 4፡33

በርጩማ አሸነፈ። ማስረጃውም ከኢዳ ነው። ጋሊሊዮ ባነሳቻቸው ፎቶዎች ላይ በቅርብ ጊዜ የተቆፈሩት ጉድጓዶች ቀለማቸው ከአሮጌው መሬት ይለያል፣ ያን ያህል አልቀሉም። ቅርፊቱ ተነስቶ ልቡ ታየ ማለት ነው። ነገሩን የቋጨው ግን የጃፓኗ ሃያቡሳ ናት። ኢቶካዋ የምትባል ሌላ ድንጋያማ አስትሮይድ ላይ በ2005 አርፋ፣ በ2010 ከ1,500 በላይ ብናኝ ይዛ ተመለሰች። ሲመረመር ከተለመደው ሜትዮራይት ጋር አንድ ሆነ። የብናኙ ላይኛ ገጽ ላይ ደግሞ ያ የሚያጠቁረው ደቃቅ ብረት ተገኘ።

አጂፕ ማዞሪያ · 5፡02

እስቲ የኛ ስም ያለው የለም? ሁሉም ግሪክ ነው።

የጂረን መስኮት · 5፡20

አለ እንጂ። 1432 ኢትዮጵያ የሚባል አስትሮይድ አለ፣ ሲሪል ጃክሰን በ1937 ከጆሃንስበርግ ነው ያገኘው። ድንቅነሽም አለች! ሉሲ የምትባለው መንኮራኩር በኅዳር 2023 መጀመሪያ (በነሱ) አጠገቧ አለፈች። ድንጋያማ ናት፣ ግን ከኢዳ በተቃራኒ ውስጠኛው ቀበቶ ላይ ነው ያለችው፣ ወንድሜ ጥሬ ቡና የበተነበት ቦታ። አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አትሞላም። እሷም ጨረቃ ተገኘባት፣ ጨረቃዋም ሁለት ድንጋይ ተጣብቆ የተሠራ ሆነ። ስሟ ሰላም ነው፣ በዲኪካዋ ሕፃን። አስትሮይድ ባይሆንም፣ በ2019 ለአንድ ኮከብ ቡና፣ ለፕላኔቱ ደግሞ አቦል የሚል ስም ወጥቶለታል። የላከው አገራችን ነው።

አጂፕ ማዞሪያ · 5፡24

ቡና የሚባል ኮከብ አለና ጅማ ውስጥ ማንም አልነገረኝም? 

በርጩማ · 5፡31

ኢዳን ከጅማ ማየት ይቻላል?

ጋሽ መነጽር · 5፡50

በዓይን አይታሰብም። በዓይን ከሚታየው የመጨረሻ ደካማ ኮከብ በመቶዎች እጥፍ የደበዘዘች ናት። ደህና ቴሌስኮፕና ጨለማ ሰፈር ያስፈልጋል። አሁን በዝናቡ ምንም አይታይም፤ ከጥቅምት በኋላ ሰማዩ ሲጠራ እንነጋገር። እኔ ጋ ያለው መነጽር የጁፒተርን ጨረቃዎች ያሳያል። ወንድምሽን ይዘሽው ነይ።

የጂረን መስኮት · ከቀኑ 9፡40

እናመጣዋለን ጋሼ። እስከዚያ የቤቱን ዜና ልንገራችሁ።

ወንድሜ ይሄን ሁሉ አነበበ። ዝም ብሎ ተነሳና ከጥሬው አንድ እፍኝ ዘግኖ ከተቆላው ጋር ቀላቀለው። ከተቆላውም ወደ ውስጥ በተነ። «ተንገዋለለ» አለ። ለዳክቲል የቡና ገለፈት ስባሪ ከአንዷ ፍሬ አጠገብ አስቀመጠ። ሰፌዱን ጠረጴዛው ላይ ትተነው ወጣን።

እናታችን ለቡና ተጣርታ ስትመጣ አየችው። ጥሬና የተቆላ አንድ ላይ ብረት ምጣድ ላይ ቢወጣ የተቆላው እንደሚያር ለጅማ ሰው አይነገርም። «ይሄን ማነው የደባለቀው?» አለች። ወንድሜ «ጁፒተር» አላት።

አሁን በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ እየለቀመ ነው። ሎሚውን ወስዳበታለች።